ቴርሞስታት ይዤ ጋምቤላ የወረድኩበት ሳምንት

ጋምቤላ ምን ልትሠራ ወረድክ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ልጣላ። ሽርሽር አልነበረም፣ መሥሪያ ቤትም አልላከኝም። እንዲያውም አለቃዬ አትሄድም ስላለኝ ጭምር ነው የሄድኩት። ማስታወሻውን በዚያው ሳምንት በየዕለቱ በደብተር ይዤው ነበር፤ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ግን ለማንም አላሳየሁትም። አሁን ከበደሌ ወዲያ እግራቸው ረግጦ የማያውቅ የጅማ ወዳጆቼ ንገረን እያሉ ስለጨቀጨቁኝ አወጣሁት።

ያኔ ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበርኩ። ነገሩ የጀመረው ቡና ሊጭን የመጣ ሾፌር ባቀበለኝ ቁራጭ ወረቀት ነው። የጻፈው ኦኬሎ ነው። ኦኬሎ የጋምቤላ ሰው፣ አኙዋክ፣ የአንድ እርሻ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሲሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቱ ልኮት እኔ ዘንድ ስድስት ወር ጥገና ተምሯል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ «ጋሼ ደምሴ፣ ሰላም ነህ ወይ። አንተ እንዳስተማርከኝ ቴርሞስታት አወጣሁ። መኪናው ፈላ። አሁን አሻጥር ነው ይላሉ። ዓርብ ኮሚቴ አለ።»

አንተ እንዳስተማርከኝ የሚለው ቃል እንደ እሾህ ወጋኝ።

ሙያው ለሌላችሁ ላስረዳ። ቴርሞስታት ማለት የጡት ጫፍ የምታክል ፒስቶን ያላት፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ የነሐስ ዕቃ ናት። ሞተሩ ላይ ተቀምጣ የውሃውን በር ትጠብቃለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ትከፍትና ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ እንዲበርድ ታደርጋለች። እኛ ደገኞች ታዲያ አንድ ልማድ ነበረን። ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ሁሉ ቴርሞስታቱ ይወጣለታል። ቆላው ራሱ ሙቅ ነው፣ በር ምን ያደርግለታል፣ ውሃው እንደ ልቡ ይፍሰስ እንል ነበር። እኔ ይህን ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ።

የጋራዡ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ወረቀቱን አይቶ «አዲሶቹ ሞተሮች እኮ እንደ ድሮዎቹ አይደሉም፣ ደምሴ» አለኝ። ዞር በልልኝ አልኩት። ሆኖም አንዲት ከተገለበጠ መኪና የተፈታች፣ ኦኬሎ ለሚነዳት ዓይነት መኪና የምትሆን ቴርሞስታት ነበረችውና በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሴ ከተታት። መልሼ አልሰጠሁትም፤ ግን እንደማልፈልጋት እርግጠኛ ነበርኩ። የምሄደው ኮሚቴው ፊት ቆሜ ቴርሞስታት ማውጣት አሻጥር ሳይሆን ሙያ ነው ልላቸው ነው።

አለቃዬ ደግሞ «ምን ጥልቅ አደረገህ? አሻጥር የተባለ ሰው አጠገብ የሚቆም አብሮ ይቆጠራል» አለኝ። ልክ ነበር። በዚያ ዘመን መኪና አበላሸ ተብሎ አሻጥር የተለጠፈበት ሰው ሥራውን ብቻ ቢያጣ ዕድለኛ ነው። ኦኬሎ ደግሞ ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ እቤታቸው ነበር የሚዘምሩት። አንድ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ሁለት ያገኝበታል። እኔም ዘመድ ታሞብኛል ብዬ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከጅማ የተነሳው ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ረዳቱ ዶሮዎችን ጣራ ላይ ለማሰር ከአንዲት እናት ጋር ሲጨቃጨቅ ሁለት ሰዓት አለፈ። አጋሮ ዳቦ በሻይ በላን። ደዴሳ ድልድይ ጋ ስንደርስ አውቶቡሱ ትንፋሹ ተቋረጠ፤ ከፊቱ እንፋሎት እንደ ጀበና ይወጣል። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ስር ተቀመጠ፤ እኔ ግን እጄ አላስችል ብሎኝ ሾፌሩ ጋ ሄድኩ።

«ቴርሞስታቱስ?» አልኩት።

«እሱንማ ካወጣሁት ቆየሁ!» አለኝ በኩራት።

«ደግ አደረግህ» አልኩት እኔም። ሁለታችንም ተደሰትን። ከወንዙ በጄሪካን ውሃ እያመላለስን ሞላነው። ከመሙላታችን በፊት ግን ክዳኑን ቸኩዬ ስከፍት የፈላው ውሃ ሸሚዜን ከአንገት እስከ ወገብ አራሰው፤ ቆዳዬ የተረፈው ወደ ኋላ ስለዘለልኩ ነው። ቀሪውን መንገድ ዝገት እየሸተትኩ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እስከ መቱ አልገለጡትም።

መቱ ስንገባ ዝናብ ነበር። ጅማም ይዘንባል፣ የጅማ ዝናብ ግን መጥቶ ይሄዳል፤ የመቱ ዝናብ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ወፍራም፣ ድምፃቸው የጎላ ሴትዮ ነበሩ። ሸሚዜን ሲያዩ «እንዲህ ሆነህ አንሶላዬ ላይ አትተኛም!» ብለው ከላዬ አስወለቁኝ። ሰድበውኛል ብዬ ተቆጥቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ሸሚዙ ታጥቦ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶ በሬ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ላመሰግን ስል «ሂድ፣ ሂድ፣ መኪና ያመልጥሃል» ብለው አባረሩኝ።

ማክሰኞ

ከመቱ ወደ ጋምቤላ አውቶቡስ አልነበረም። ጨው የጫነ መኪና አገኘሁ፤ ሾፌሩ መሐመድ የሚባል የአጋሮ ሰው ነው። ጎሬ መውጫ ኬላ ላይ ሚሊሻዎች አስቆሙን። አንዱ ኪሴን ሲዳብስ መሐረቡን አገኘ። ሲፈታው ነሐስ፣ ስፕሪንግ፣ መሃሏ ላይ ጉጥ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቴርሞስታት።»

«የምን?»

«የመኪና ነዋ!»

«መኪናህ የታለ?»

መኪና የለኝም። ለአንድ ሚሊሻ መኪና የሌለው ሰው ለምን የመኪና ዕቃ ኪሱ ውስጥ ይዞ ወደ ጠረፍ እንደሚሄድ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ፈንጂ ነው አለ አንዱ። የፈንጂ ቁልፍ ነው አለ ሌላው፣ የበለጠ የሚያውቅ መስሎ። መሐመድ ቀስ ብሎ ወደ መኪናው ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ደሜ ፈላ። ሄጄ ጎማው ፊት መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ። «ፈንጂ ከሆነች እኔው ልፈንዳ!» አልኩ። «ሻይ የምታፈላ ሰው የለችም እዚህ?»

ነበረች። መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥራ ሻይ የምትሸጥ ቀጭን ሴት ናት። ማንንም ሳትጠይቅ የፈላውን ብረት ድስቷን ይዛ መጣች። ቴርሞስታቷን በሲባጎ አስሬ የፈላው ውሃ ውስጥ አንጠለጠልኳት። ሚሊሻዎቹ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ሴትየዋ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ትመለከታለች። ትንሽ ቆይቶ ቴርሞስታቷ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች። ላዩ ሲከፈት ከሥሯ ያለ ሌላ ትንሽ ሳህን ወደ ታች ወረደ። ቀዝቃዛ ውሃ ስናፈስባት ደግሞ ተዘጋች።

«እህ!» አለች ሴትየዋ። «ሲሞቃት ትከፍታለች፣ ሲበርዳት ትዘጋለች። ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሰው የምታስቆሙት?» ብላ ሚሊሻዎቹ ላይ ጮኸችባቸው። አንዱ ድገመው አለ፤ ደገምኩለት። ሌላው ጓደኛውን ጠርቶ አምጥቶ ለሦስተኛ ጊዜ አስደገመኝ። በመጨረሻ የይለፍ ወረቀቴን እንኳ ሳያዩ ሸኙኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እንደዚያ ከታች ሁለተኛ ሳህን ያላት ቴርሞስታት ሠርቼባት አላውቅም ነበር። ያ ሳህን ሲወርድ የሆነ ነገር ሊደፍን እንደሆነ ገብቶኛል። ልቤ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ከቡሬ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደኑ ውስጥ መንገዱ ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፣ ጆሮ ይደፈናል። ቡሬ ላይ ኮቴን አወለቅሁ፣ መሃሉ ላይ ሹራቤን፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሸሚዜን ከፈትኩ። አየሩ የተከደነ ድስት ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመጣው ነው። እኛ አገር ሰው ፀሐይ ለመሞቅ ይወጣል፣ እዚህ ሰው ከፀሐይ ይደበቃል። መሐመድ እየሳቀብኝ «የጅማ ሰው፣ ገና ነው!» አለኝ። ኬላው ላይ ሊጥለኝ የነበረ ሰው አሁን ውሃውን አካፈለኝ፤ ተቀብዬ ጠጣሁ እንጂ ይቅርታ አላደረግሁለትም።

ኦኬሎ ከባሮ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ማንጎ ዛፍ ስር ባለች የሣር ክዳን ቤት ይኖራል። ረጅም ነው፤ ሲያየኝ በሩን ጎንበስ ብሎ ወጥቶ ቀና ሲል እንደ ድሮው አንገቴን አመመኝ።

«ጋሼ! መጣህ! እኔ ወረቀት ብቻ ይሄዳል አልኩ፣ ሰው ይመጣል አላልኩም» አለ። ሚስቱ አሪየት ውሃ ይዛ መጥታ እግሬን ካላጠብኩ አለች። እምቢ አልኩ፤ አልሰማችኝም። ከዚያ ከባሮ የወጣ ትልቅ ዓሣ ከበቆሎ ገንፎ ጋር አቀረበች። የእኛ ገንፎ መሃሉ ላይ ቅቤ አለው፤ የእነሱ በእጅ ተጠቅልሎ መረቁ ውስጥ ይነከራል። ሁለት ጊዜ ጠቅልዬ ሁለቱንም ጭኔ ላይ ጣልኩት።

«ቀስ በል፣ አባት» አለችኝ። «ዓሣ እሾህ አለው። ገንፎ እሾህ የለውም፣ አንተ ግን ከገንፎ ጋር ትጣላለህ።»

ያለቻቸውን አንዲት የብረት አልጋ ለእኔ ለቀው እነሱ ከልጆቻቸው ጋር ምንጣፍ ላይ ተኙ። ከመተኛታቸው በፊት ባልና ሚስቱ በቀስታ፣ ከቤቱ እንዳይወጣ አድርገው ዘመሩ። ቋንቋው አልገባኝም፤ ግን ሰው በገዛ ቤቱ ዜማውን እንደ ሌባ ሲያሾልከው ማየት አናደደኝ።

ረቡዕ

መኪናዋ የቆመችው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው። ዘር ጭና ወደ ኢታንግ ስትሄድ ፈልታ ሰፈራቸው አጠገብ ስለቆመች ሰው ገፍቶ አስገባት፤ መሥሪያ ቤቱም ኦኬሎን እዚያው ጠብቃት አለው። ኮፈኗ ላይ ወረቀት ተለጥፎ በማኅተም ታሽጓል። «የሞተ መኪና፤ የምርመራ ማስረጃ ስለሆነ መክፈት ክልክል ነው» ይላል። ዘሩ መጋዘን ተመልሶ፣ ዝናቡ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ወረቀት መኪናዋን አስሯታል።

«ጋሼ፣ እንዳትነካ» አለ ኦኬሎ።

ቀደድኩት። ኦኬሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ እንደ ሐኪም ጀመርኩ። የዘይቱን ዘንግ አወጣሁ፤ ዘይቱ ጥቁር ነው እንጂ እንደ ወተት አልነጣም፣ ስለዚህ ውሃ አልገባበትም። የማራገቢያው ቀበቶ ተወጥሯል። የራዲያተሩን ቀጫጭን ክንፎች ከነፍሳትና ከሣር ዘር በመጥረጊያ ጠረግሁ፤ ይህ ነው ጥፋቱ ብዬ ደስ አለኝ። ውሃ ሞልተን፣ ክዳኑን ከፍተን አስነሳናት፤ አረፋ አልወጣም፣ ስለዚህ በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ደህና ነው። ክዳኑን ዘጋን። የሙቀቷ መርፌ ግን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀዩ ላይ ደረሰች።

አጠፋናት። ራዲያተሩን ሁለት ጊዜ አጠብነው። የውሃ ፓምፑን ፈታሁ፤ ደህና ነው። ገጠምኩት። አስነሳናት፤ ቀዩ ላይ ደረሰች። በዚያ ፀሐይ ብረቱ ራሱ እጅ ይጠብሳል፤ አሪየት እርጥብ ጨርቅ እያመጣች ራሴ ላይ ትጥላለች። እኔ ተሳደብኩ፣ መፍቻ ወረወርኩ፣ ኦኬሎ ሄዶ አነሳልኝ።

በአራተኛው ሙከራ እጄን በቱቦዎቹ ላይ አደረግሁ። ወደ ራዲያተር የሚሄደው ትልቁ ቱቦ ለብ ይላል እንጂ አይፋጅም። ከሞተሩ ወጥታ በአቋራጭ ተመልሳ ወደ ሞተሩ የምትገባው አጭሯ ቱቦ ግን እጄን ላጠችኝ። ውሃው ራዲያተር ጋ አይደርስም ማለት ነው። በአጭሩ መንገድ ዞሮ እንደ ሞቀ ተመልሶ ይገባል። አጭሩን መንገድ የሚደፍነው ደግሞ ያ ታችኛው ሳህን ነው። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አብሮ የሚወጣው ሳህን።

መኪናዋን የገደላት ሙቀቱ አይደለም፣ አሻጥርም አይደለም። የእኔ ትምህርት ነው።

ማንጎው ስር ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። እንዲህ ዓይነት እፍረት ተሰምቶኝ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደማያጠያይቅ እውነት የነገርኩት ነገር፣ ስንቱን ሞተር አፍልቶ ይሆን? ኦኬሎ አጠገቤ ቆመ። አሪየት ግን ቁጭ አለች።

«አባት» አለች፣ «እነሱ ይሄን ሰው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ቴርሞስታት አውጣ ማን አለህ? ስም ስጥ፣ አንተ ትወጣለህ አሉት። እሱ ስም የለም አለ። እኔ ስጣቸው አልኩት። አልሰጥም፣ አስተማሪ አይሸጥም አለኝ።»

«ዝም በይ» አላት ኦኬሎ።

«ዝም አልልም። ልጆቼ አባት ይፈልጋሉ» አለች፣ እኔን እያየች።

ያን ቀን ከዚህ በላይ አልሠራንም። 

ሐሙስ

ጠዋት በንዴት ተነሳሁ፤ ንዴቱ አሁን በራሴ ላይ ነው፣ ስለዚህ እጄ ፈጣን ነበር። ውሃውን አፈሰስን። ቴርሞስታቷ የምትቀመጥበትን ክዳን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው ዝጎ ኖሮ አንገቱ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጅማ ቢሆን ግምጃ ቤት እልካለሁ። እዚህ አንድ ፒንሳ፣ ሦስት መፍቻና አንድ ሻማ ነው ያለን። ክዳኑን ካነሳነው በኋላ የተረፈውን ጉቶ በፍም አግለን ሰሙን አቀለጥንበት፤ ሰሙ ወደ ጥርሱ ሲሰርግ በፒንሳ ይዤ እያንቀጠቀጥኩ ሩብ በሩብ አወጣሁት። ኦኬሎ እስትንፋሱን ይዞ ነበር፤ ሲወጣ እንደ ሕፃን ጮኸ።

ግን በምን እንተካው? አሪየት ወደ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይታ መዳፏ ላይ ብሎን ይዛ መጣች፣ ልክ በልክ ነው።

«ከየት?»

«ከአልጋው» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት አልጋው በገመድ ታስሮ፣ እኔም ወደ ግድግዳው እየተንሸራተትኩ ነው ያሳለፍኩት።

ጋስኬትም የለም። ወፍራም ወረቀት ስጡኝ አልኩ። አሪየት ከሳጥን ውስጥ የውይይት ክበብ መጽሔት አወጣች፤ ሽፋኑ ጠንካራ ነው። «ሁለት ዓመት እዚህ ነው፣ ማንም አልከፈተውም» አለች። ሽፋኑን በመቀስ ቆርጠን፣ ግሪስ ቀብተን አስቀመጥነው። ያ መጽሔት ለሕዝቡ ያደረገው ጥቅም እኔ እስከማውቀው ድረስ ይኸው ብቻ ነው።

ቴርሞስታቷን ስፕሪንጓን ወደ ሞተሩ አድርጌ ከማስቀመጤ በፊት ኦኬሎን ጠራሁት። «ና፣ እይ» አልኩት። «ይህ ሳህን አጭሩን መንገድ ይዘጋል። እንደዚህ ዓይነቱን ሞተር ቴርሞስታት ታወጣበታለህ ያለህ ሰው ተሳስቷል። ያ ሰው እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አየው። «ገባኝ» አለ። ሳህኑን በጣቱ ገፋ አድርጎም፣ «ጋሼ፣ አንተ አላወቅህም። ሞተሩ አዲስ ነው።»

«አለማወቄን ሳላውቅ ማስተማሬ ነው ጥፋቱ» አልኩት።

ሞላናት፣ አየሩን ከቱቦዎቹ አስወጣን፣ አስነሳናት። መርፌዋ ተነሳች፣ መሃል ላይ ደረሰች፣ ቆመች። ትልቁ ቱቦ ፋጀ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፤ ንቅንቅ አላለችም። ጎረቤቶች መጥተው ማንጎው ስር ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ መጥተው እጄን ይዘው ነቀነቁት። አንጀቴ ራሰ።

ዓርብ

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ በረንዳ ላይ ነው። ኦኬሎ በእግር እንሂድ አለ። «አይሆንም» አልኩት። «በእሷ ነው የምንሄደው።»

አምስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሰ ደገኛ ነው፤ አጠገቡ ጸሐፊው። ሞታለች የተባለችው መኪና በበሩ ገብታ ፊታቸው ስትቆም አምስቱም ብድግ አሉ። ኦኬሎን ሞተሩን አታጥፋ አልኩት።

«ማኅተሙን ማን ቀደደው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ።»

«ማን ፈቀደላችሁ እንድትነዷት?»

«ሞታለች ብላችሁ ጽፋችኋል። የሞተ ነገር ለመንዳት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?»

ከመሃላቸው አንዱ ሳቁን ለመደበቅ አሳለ። ስሜን፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ኦኬሎን ያስተማርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ሁለቱን ቱቦዎች በእጃቸው እንዲነኩ አደረግሁ። ሊቀመንበሩ ራሱ መርፌዋን ሁለት ጊዜ ሄዶ አየ። ስብሰባው አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ሁላችንም የምንነጋገረው እየጮህን ነው።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ድምፁን አለዘበ። ክፉ ሰው አልመሰለኝም፤ መውጫ የሚፈልግ ሰው ነው። «ጓድ ደምሴ» አለኝ፣ «አንተ ነባር ባለሙያ ነህ። ነገሩን እናቅልለው። አማርኛ ለእሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። አንተ አንድ ነገር ብለሃል፣ እሱ ሌላ ተረድቷል። በዚህ እንዝጋው። እሱም አይታሰር፣ አንተም አትነካ።»

ልዋሽ አልችልም፤ ለአንድ አፍታ ጣፈጠኝ። ሁለታችንም ነጻ እንወጣለን፤ አንድ ቃል ብቻ ነው። ወደ ኦኬሎ ዞርኩ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«አይሆንም» አልኩ። «በደንብ ነው የገባው። አውጣ አልኩት፣ አወጣ። ከሠላሳ ተማሪዎቼ እንደሱ ጠንቅቆ የሚሰማ አልነበረኝም። የተሳሳተው የእኔ ትምህርት ነው።»

«በስምህ ይጻፍ?»

«ይጻፍ። የአባቴንም ስም ልጨምርልህ?»

ተጻፈ። ለጅማ ይላክ ተባለ፤ ተልኮም ዋና መካኒክነቴን ወስዶብኛል። ይውሰድ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እላለሁ።

ከዚያ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ወደ ኦኬሎ ገፋለት። «ፈርም፣ ወደ ሥራህ ተመለስ» አለው። ኦኬሎ ብዕሩን አልተቀበለም። ወረቀቱን አንስቶ ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ጣቱን እያስከተለ ማንበብ ጀመረ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሠራተኛው የተሰጠውን ትምህርት በሚገባ ባለመረዳቱ፤ ይህ ምንድን ነው?»

«ለአንተ የሚጠቅም ነው» አለ ጸሐፊው፣ ዓይኑን ወደ ሊቀመንበሩ እየሰረቀ። «ቅጣት ያቀልልሃል። ፈርም።»

«እኔ ተረዳሁ» አለ ኦኬሎ። «ጋሼ ተናገረ፣ እኔ ተረዳሁ። ይህ ቃል ውሸት ነው። ይውጣ።»

«ካልፈረምክ ሥራ የለም» አለ ሊቀመንበሩ።

ኦኬሎ ወደ መኪናዋ ሄደ። ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ግቢው ጭር ሲል ሁላችንም ደነገጥን። ተመልሶ መጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠው።  ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። ደመና ኢታንግ በኩል ይታያል፣ ዘሩ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ሌላ ሾፌር የለም። ሊቀመንበሩ ቁልፉን አየ፣ ደመናውን አየ፣ ኦኬሎን አየ።

«ሰርዘው» አለ።

ጸሐፊው ሰረዘው። ኦኬሎ ግን አሁንም አልፈረመም። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደገና አነበበው። አምስቱም ቁጭ ብለው እስኪጨርስ አዳመጡት።